ወደ ጣና ለሚወርደው አናጺ ልጄ፦ ከጀልባው በፊት ሞርሳውን

ልጄ፣ ወደ ጣና ወርደህ ከጀልባ ሠሪዎች ጋር ልትሠራ መሰናዳትህን እናትህ ነገረችኝ። ደስ አለኝ። የ2015 ዓ.ም. ክረምት ከድቶን በ2016 ጃናሞራና በየዳ በድርቅ ሲጎዱ ስንቱ ወጣት ቀዬውን ጥሎ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባትና ወደ ጎንደር እንደተበተነ አንተም አይተሃል። የሚበዛው ጉልበቱን ብቻ ይዞ ነው የወረደው። አንተ ሙያ ይዘህ ትወርዳለህ። የሠራኸውን በርና ሣጥን አይቻለሁ፤ መጋጠሚያህ ልክ ነው፣ መላጊያህም ስለት አለው።

እኔም በጉልምስናዬ ሐይቁ ዳር የእንጨት ጀልባ ስሠራ ኖሬ ነው መካነ ብርሃን ተመልሼ የገባሁት። ስለ ጀልባ የሚነገረው ብዙ ነው፤ የሚበዛውን እዚያው ያሉት ባለሙያዎች እጅህን ይዘው ያሳዩሃል። እኔ የምጽፍልህ ሰው ሁሉ አቃልሎ ስለሚያልፈው ስለ ሞርሳ ነው። ውኃ የምታስገባ ጀልባ ባየሁ ቁጥር ስለ ምስማሩ ከመጠየቄ በፊት የምጠይቀው፣ ጣውላው ሲመታ በምን ተይዞ እንደነበረ ነው።

1. ሞርሳህን ሠርተህ ሳትጨርስ ጀልባ አትጀምር።

በር ስትሠራ አራት ሞርሳ ይበቃሃል። ጣውላው ቀጥ ያለ ነው፤ ገጥመህ አጥብቀህ፣ ኮላው እስኪደርቅ ትተኸው ትሄዳለህ። የጀልባ ጣውላ ግን ወደ ጎን ይጎብጣል፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይጠመዘዛል። ምስማሩ ተመትቶ እስኪያልቅ ወይም ኮላው እስኪይዝ ድረስ ወደ ቀጥታው ልመለስ እያለ ይታገልሃል። በሰው እጅ ይዘህ ልታሸንፈው አትችልም። ሰው ይደክመዋል፣ ያወራል፣ ውኃ ሊጠጣ ይሄዳል። እጁን ያላላባት ቦታ ላይ በሁለቱ ጣውላዎች መካከል የወረቀት ያህል ክፍተት ትቀራለች፤ ሐይቁም የሚገባው በዚያች ነው።

ሒሳቡን አብረን እንየው። ጀልባዋ 5 ሜትር ናት እንበል። ጣውላ በጣውላ ላይ ደርበህ ስትሠራ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ሞርሳ ያስፈልግሃል። ለአንድ ጣውላ 25 ሞርሳ መሆኑ ነው። የግራውንና የቀኙን ጣውላ በአንድ ቀን ልግጠም ካልህ 50 ይሆናል። ለጀማሪ 25 ይበቃዋል፤ ዛሬ ግራውን ነገ ቀኙን እያልህ ትሄዳለህ። ግራውን ሙሉ በሙሉ ጨርሰህ ወደ ቀኙ እንዳትዞር ግን አደራ፤ በአንድ ጎን ብቻ ጣውላ የተጫነባት ጀልባ ገና ሳትወለድ ትጣመማለች።

የፋብሪካ የብረት ሞርሳ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ዋጋውም ከዶላሩ ጋር ይወጣል። ሃያ አምስቱን ልግዛ ብትል የመጀመሪያዋን ጀልባ ዋጋ ገና ሳትሸጣት ትበላዋለህ። አራት ገዝቶ እያቀያየረ ለመሥራት የሚሞክረውን ብዙ አይቻለሁ። አንዱን ሲፈታ የያዘው ይለቃል፣ እንደገና ሲያጠብቅ ምስማሩ ተጣሟል። ይልቅ እንጨትና ብሎን ገዝተህ ራስህ ሥራው። ስታውቀው የግማሽ ወር ሥራ ነው፤ ከያዝኸውም ለብዙ ጀልባ ያገለግልሃል።

2. እንጨቱን ከጫካ አትፈልገው።

ቀያችን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤት ነው። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዚሁ አቆጣጠር በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ዋልያው እንዲመለስ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ሌላው ቤቱን የለቀቀለትን ጫካ ለሞርሳ ክንድ ብለን አንመነጥረውም። ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ጽድንና ዝግባን ከመንግሥት ደን መቁረጥንም ሕግ ሲከለክል የኖረው ያለ ነገር አይደለም፤ ለመተካት የሰው ዕድሜ የሚፈጁ ዛፎች ናቸው።

ሞርሳ ደግሞ ትልቅ ግንድ አይፈልግም። የፈረሰ ቤት ወጋግራና ማገር፣ የተሰበረ ሞፈር፣ ደባርቅ ያሉ በርና መስኮት ሠሪዎች የሚጥሉት ቁራጭ፣ የማይጠቅም የአልጋ እግር ሁሉ ይሆንልሃል። እንዲህ ያለው አሮጌ እንጨት ሌላም በረከት አለው፤ ለዓመታት ከጣሪያ ሥር ደርቋል። የሚጣመመውን ተጣሞ፣ የሚሰነጠቀውን ተሰንጥቆ ጨርሷል። ከዚህ በኋላ አያታልልህም።

ከእነዚህ መካከል ወይራ ብታገኝ ለሽብልቅና ለአፉ አስቀምጠው። ጠንካራና ከባድ ስለሆነ ሙሉ ክንዱን በወይራ ከሠራኸው ሃያ አምስቱን ተሸክሞ መዞር ያደክማል። ጽድ ምስጥ አይደፍረውም፣ ሽታውም ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጭረቱን ተከትሎ ስለሚሰነጠቅ ብሎን ለሚያልፍበት ክንድ አይሆንም። ዋንዛ ለመላግ ምቹ ነው፤ ጉልበት ለሚበዛበት ግን ይለሰልሳል። ለክንዱ የምመርጥልህ የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው። በየጓሮው አለን፣ ጉልበትም አለው። ጠባዩ ግን ክፉ ነው። እርጥቡን ሠንጥቀህ ፀሐይ ላይ ከጣልኸው እንደ እባብ ይጠመዘዛል። እርጥቡን የምትገዛ ከሆነ ጫፍ ጫፉን እበት ወይም ጭቃ ለቅልቅ፣ በጥላ ሥር እየለያየህ ደርድር፣ ከላይ ድንጋይ ጫንበት፣ ዓመት ያህል ተወው። ጫፉን የምትለቀልቀው እርጥበቱ በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣና ስንጥቁ ከዚያ ስለሚጀምር ነው።

ስትመርጥ ጉጥ ያለበትን አትውሰድ። ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ መሄዱን አስተውል። ከተጠራጠርህ ከጫፉ ትንሽ ፍለጠው፤ ፍልጡ ወደ ጎን ከሸሸ ያ እንጨት ለማገዶ እንጂ ለሞርሳ አይሆንም። ሁለቱን እርስ በርስ አጋጭተህም ስማ። የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፤ የእርጥቡ የታፈነ ነው።

3. ዋናው ሞርሳ ሁለት ክንድ፣ አንድ ብሎን፣ አንድ ሽብልቅ ነው።

ይህንን ቁጥር ቀስ ብለህ አንብበው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

ጣውላ በጣውላ ላይ ሲደረብ አዲሱ ጣውላ የታችኛውን የላይ ጠርዝ ከውጭ በኩል ይሸፍነዋል። አንተ መጨበጥ የምትፈልገው ያንን ድርብ ነው። ድርቡ ያለው ግን ከአዲሱ ጣውላ ግርጌ ነው፤ ሞርሳህ ደግሞ ከላይ ነው የሚገባው። ስለዚህ የጣውላውን ስፋት በሙሉ አልፎ ታች የሚደርስ ረጅም አፍ ያስፈልገዋል። ከሱቅ የምትገዛው ትንሹ የብረት ሞርሳ እዚያ አይደርስም። ኖርዌዮች፣ ስዊድኖች፣ ዴንማርኮች፣ ፊንላንዶችና አይስላንዶች ተደራቢ ጣውላ ያላቸውን ጀልባዎች ሲሠሩ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዩኔስኮ ይህን ሙያቸውን በ2021 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦላቸዋል። እነሱም ለዚህ ሥራ የሚይዙት ረጅም የእንጨት ሞርሳ በሽብልቅ የሚጠብቅ ነው። ሐይቁ ዳር የተማርሁት ይኸው ዓይነት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 4፣ ውፍረቱ 5 የሆነ ሁለት ክንድ አዘጋጅ። 5 ሴንቲ ሜትሩ ክንዱ በሚጎብጥበት አቅጣጫ ይሁን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የክንድን ውፍረት እጥፍ ብታደርገው ለመጉበጥ ያለው እምቢታ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በጎኑ አዙረህ ከሠራኸው ግን በዚያው እንጨት ደካማ ሞርሳ ታገኛለህ። ክንዱ ከጎበጠ ደግሞ ሽብልቁን የመታህበት ጉልበት ሁሉ ክንዱን በማጉበጥ ያልቃል፣ ጣውላው ጋ አይደርስም።

ሁለቱን ክንዶች ገጽ ለገጽ አጣብቀህ ከመካከላቸው፣ ማለት ከአፉ 30 ከጭራውም 30 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በአንድነት ብሳቸው። ብሎኑ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀዳዳው 12 ይሁን። ሰፋ ማለቱ ክንዱ እንዲወዛወዝ ነው፤ ጥብቅ አድርገህ ከበሳኸው ብሎኑ ይጎብጣል ወይም እንጨቱ ይሰነጠቃል። ቀዳዳውን ደግሞ ከ4 ሴንቲ ሜትሩ ስፋት ልክ መሀል ላይ አሳርፈው፤ ክንዱ ከሁሉ የበለጠ የሚጨነቀው እዚያ ነውና ወደ አንድ ጠርዝ ከተጠጋ ይሰበርብሃል።

ብሎኑ ለምን መካከል ላይ እንደሆነ ላስረዳህ። ጭራው ላይ የሰጠኸው ጉልበት ከብሎኑ ወደ ኋላ ያለው ርዝመት ሲያጥር አፉ ላይ ይቀንሳል። የፊቱ 40 የኋላው 20 ቢሆን ከጉልበትህ ግማሹ ብቻ ነው ጣውላው ጋ የሚደርሰው። እኩል ሲሆኑ የሰጠኸውን ታገኛለህ። ጣውላህ ከ25 ሴንቲ ሜትር የማይሰፋ ከሆነ 30ው ይበቃሃል። የበለጠ ሰፊ ጣውላ ከገጠመህ ሁለቱንም በኩል እኩል እያስረዘምህ ሥራ፤ ክንዱንም በዚያው ልክ አወፍረው።

አፉ ላይ ጥንቃቄ አድርግ። ክንዱን ከብሎኑ ጀምሮ እስከ አፉ ድረስ ውስጥ ውስጡን ትንሽ ላገው፤ ጫፉ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሳትነካ ተወው። ያ ጫፍ ቀድሞ ይነካል፣ የቀረው ክንድ ከጣውላው ሆድ ጋር አይጋጭም። በውጭ በኩል ደግሞ ጫፉን ወደ ቀጭን አሹለው፣ ጠባብ ቦታ ይገባልሃል። ጫፉ ላይ ከአሮጌ ጫማ የቆረጥኸውን ቆዳ በኮላ ለጥፍበት። ቆዳው ጣውላውን ከመሰርጎድ ያድነዋል፣ እንዳይንሸራተትም ይይዛል።

ለብሎኑ ጎንደር ካሉ የብረታ ብረት መሸጫዎች ሙሉ ጥርስ ያለውን የ1 ሜትር ዘንግ ግዛ፤ ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ረጅም ብሎን ይቀላል። አንዱን ዘንግ ለአምስት ብትቆርጠው 20፣ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለ25 ሞርሳ አምስት ዘንግ ነው። በሁለቱም ጫፍ ዳዶና ሰፊ ሮንዴላ ይግባበት። ሮንዴላው ጠባብ ከሆነ እንጨቱን በልቶ ይገባል። በአንደኛው ጫፍ ያለውን ዳዶ በመዶሻ ቀጥቅጠህ አጥብቀው፣ ሌላውን በእጅህ የምታዞረው ይሁን። ከእንጨቱም 4 ሜትር የሆነ ሞራሌ ካገኘህ የመጋዙን ብክነት ጨምሮ ስድስት ክንድ ይወጣዋል፤ ለሃምሳው ክንድ ዘጠኝ ሞራሌ በቂ ነው።

በሁለቱ ክንዶች መካከል፣ ከብሎኑ አጠገብ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የቆረጥኸውን አጠፍጥፈህ አስገባ። ዳዶውን ስታላላ አፉን ራሱ ይከፍትልሃል። አንድ እጅህ ጣውላ ይዞ በሌላው ሞርሳ ስታስገባ ይህች ላስቲክ ምን ያህል እንደምታግዝ ያን ጊዜ ታውቃለህ።

4. ጉልበቱን ሽብልቁ ይስጥህ።

ሽብልቅን ከመጥረቢያህ እጀታ ታውቀዋለህ። እዚህ የሚገባው ከጭራው በኩል ነው። ዳዶውን በእጅህ አዙረህ አፉን ጣውላው ላይ ታሳርፋለህ፤ ከዚያ ሽብልቁን በሁለቱ ጭራዎች መካከል በእንጨት መዶሻ መታ መታ ስታደርገው ጭራው ይከፈታል፣ አፉ ይጨብጣል። በዳዶው ለማጥበቅ አትታገል፤ የዳዶው ሥራ ስፋቱን መለካት ነው።

ሽብልቁ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከቀጭኑ ጫፍ ወደ ወፍራሙ በ2 ሴንቲ ሜትር ይወፍር። እንዲህ ሲሆን በእንጨትና በእንጨት ፍትጊያ ብቻ ባለበት ይቆማል። ቶሎ ይጥበቅልኝ ብለህ ከወፈርኸው ሲመታ ወደ ኋላ ይፈነጠራል። ሲፈነጠር ዓይን ያገኛል፤ ስለዚህ በምትመታበት ጊዜ ከጭራው ትይዩ አትቁም፣ ልጆችንም አታስቁም። በሁለቱ ጭራዎች ውስጥ ስስ ቦይ ብታወጣለት ሽብልቁ ወደ ጎን አይሸሽም።

ሽብልቁን ሰም ወይም ዘይት አታስነካው። የሚይዘው ፍትጊያው ነው፤ ፍትጊያውን ከወሰድህበት ሌሊት ሁሉም ሰው ተኝቶ ሳለ ቀስ እያለ ይወጣል። አፉን ግን ተቃራኒውን አድርግ፣ ቆዳውን ጧፍ ወይም ሻማ አብሰው። የፈሰሰው ኮላ ሞርሳውን ከጀልባው ጋር እንዳያጣብቀው ነው። ኢፖክሲ በሚባለው ኮላ የምትሠራ ከሆነ ሰሙም አይበቃም፤ በአፉና በጣውላው መካከል የፌስታል ቁራጭ ጣልበት።

እያንዳንዱን ሽብልቅ በሲባጎ ከሞርሳው ጋር እሰረው። ከወደቀ ሰጋቱራ ውስጥ ስትፈልግ ትውላለህ።

5. ለላይኛው ጠርዝ ትንንሾቹን ጨምር።

ከላይ ጠርዙን ዙሪያውን የሚያጠናክረው ዘንግ ሲገጠም ረጅሙ ሞርሳ አያስፈልግም። ወፍራም ኮምፔርሳቶ ካገኘህ አፉ ክፍት የሆነ ቀለበት አድርገህ ቁረጠው፣ በትንሽ ሽብልቅ ይጠብቃል። ከዚያም የቀለለ አለ። የ110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ ፈልገህ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቀለበት ቀለበት ቁረጠው፣ እያንዳንዱን በአንድ በኩል ሠንጥቀው። በእጅህ ከፍተህ ስትለቀው ራሱ ይጨብጣል። ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ለስስ ቅጥልጥልና ለኢፖክሲ ግን በቂ ነው። ከአንድ ሜትር ቱቦ ሃያ ያህል ይወጣልሃል።

6. ሞርሳ የማይደርስበት ቦታ ላይ ድጋፍና ገመድ አለልህ።

የመጀመሪያው ጣውላ ከጀልባዋ አከርካሪ ጋር ሲገጠም የምትጨብጥበት ጠርዝ የለም። እዚያ ከመሬት ወይም ከጣሪያው ወራጅ አንድ አጣና ቆርጠህ ትደግፋለህ፤ በአጣናውና በጣውላው መካከል ሽብልቅ ትመታለህ። ጣሪያው ደካማ ከሆነ ከላይ አትደግፍ፤ የቤቱን ቆርቆሮ ታነሣለህ እንጂ ጣውላውን አታጠብቅም።

ጣውላዎቹ ተሰብስበው አንድ ወደሚሆኑበት ጫፍ ስትደርስ ደግሞ ገመድ አዙርበት። ገመዱን ድርብ አድርገህ ከቋጠርህ በኋላ በመካከሉ ዱላ አስገብተህ አጠንጥነው፤ በቅሎ ጭነው የቡያሂትን ተራራ የሚሻገሩት ሰዎቻችን ጭነት የሚያጠብቁበት ዘዴ ነው። ዱላውን በሌላ ገመድ እሰረው፣ ካመለጠህ እጅ ይሰብራል። እርጥብ ጠፍርም ሲደርቅ እየተኮማተረ ስለሚያጠብቅ አባቶቻችን ብዙ ነገር ይዘውበታል። ጀልባ ላይ ግን አልመክርህም፤ ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚጨምቅ አንተ አትወስንም፣ ሐይቁ ዳር ያለው እርጥበትም መልሶ ያላላዋል።

ስለ ማሰር ከተነሣ፣ እዚያ ስትደርስ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎቹ ወይጦዎች የደንገል ታንኳ ሲያስሩ ቁጭ ብለህ ተመልከት። ያለ አንድ ምስማር ሰውና ጭነት የምትሸከም ታንኳ ያወጣሉ። በ1986 እ.ኤ.አ. የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ከሆላንድ ረጂዎች ጋር የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ላይ ካስገባች ወዲህ የእንጨቱና የብረቱ ጀልባ ስም አግኝቷል፤ ሐይቁን ለዘመናት ያሻገረችው ግን ታንኳዋ ናት። ባለሙያዎቹን በአክብሮት ቀርበህ ጠይቃቸው። በሰዎቹ ላይ ንቀት ያለው ሰው ብታገኝ አብረኸው አትሳቅ።

7. አትጨቁነው።

ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ጎልማሳ አናጺ ጉልበቱን ስለሚተማመን ሽብልቁን እስከ መጨረሻው ይመታል። ምስማር ለሚመታበት ድርብ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ሁለቱ ጣውላዎች መነካካታቸው ይበቃል። ኮላ ላለበት መጋጠሚያ ግን ጥፋት ነው። ኢፖክሲ በመካከሉ ስስ ሆኖ መቅረት ይፈልጋል፤ ከጨመቅኸው ይወጣና ደረቅ እንጨት በደረቅ እንጨት ላይ ይቀራል። ስትነካው የያዘ ይመስላል፤ ማዕበል ሲመታው ይላቀቃል። በርና ወንበር የምትሠራበት ነጩ ኮላ ደግሞ ውኃ ያሟሟዋልና በምንም ሞርሳ ብታጠብቀው ለጀልባ አይሆንም።

ልኩን በዓይንህ ታገኘዋለህ። ሽብልቁን መታ አድርገህ መጋጠሚያውን ዝቅ ብለህ እየው። ኮላው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ብቅ ሲል በቃ፣ እዚያ ላይ አቁም። እየወረደ ከፈሰሰ አብዝተሃል። በአንዱ ቦታ ጠብታ ኖሮ በሚቀጥለው ሞርሳ መካከል ከጠፋ ሞርሳዎችህ ተራርቀዋል፤ አንድ ጨምርበት።

8. እያንዳንዱን በወረቀት ፈትነው።

ሞርሳውን ሠርተህ ስትጨርስ፣ ቆዳውን ከመለጠፍህ በፊት፣ ሁለት የጣውላ ቁራጭ ደርብ። በመካከላቸው ሁለት የወረቀት ቅዳጅ አስገባ፤ አንዱ በአፉ ቀኝ ጠርዝ፣ አንዱ በግራው ጠርዝ ይሁን። ሽብልቁን መታ አድርግና ወረቀቶቹን ሳብ። ሁለቱም እምቢ ካሉ አፉ ትክክል ተኝቷል። አንዱ ከወጣ አፉ ተንጋዷል፤ እምቢ ባለው ወረቀት በኩል በመላጊያ አንድ ሁለት ጊዜ ቀንሰህ ድገመው። ከዚያ በኋላ ታስሮ ይደር። ጧት ስትመጣ ወረቀቱ አሁንም እምቢ ካለ ያ ሞርሳ ጀልባ ይሠራበታል። ከወጣ ወይ ሽብልቁ ወፍሯል፣ ወይ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው።

በዚህ ፈተና ያለፈውን በጋለ ብረት ምልክት አድርግበት። የወደቀውን ለበር ሥራ አውለው እንጂ ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅለው።

9. አየሩ ሲለወጥ ሞርሳውም ይለወጣል።

ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣና ደግሞ 1,800 ያህል። በበጋ እዚህ ደጋው ላይ ያለው ደረቅ ነፋስ እንጨቱን አኮማትሮታል። ሐይቁ ዳር ሲወርድ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ ክረምት ሲገባ ይብስበታል። እዚህ የለካኸው ቀዳዳ እዚያ ልኩን ይለውጣል። 12 ሚሊ ሜትር ብሳው ያልሁህ ለዚህም ጭምር ነው። በክረምት ሽብልቅ አጥብቀህ ለቀናት አትተው፣ አብጦ አልወጣም ይልሃል። ሲቸግርህ ከቀጭኑ ጫፍ በኩል ምታው እንጂ ክንዶቹን በብረት ፈልቅቀህ አትክፈት።

ኢፖክሲ ደግሞ ብርድ አይወድም። እዚህ ሌሊት ላይ ሞክረኸው ጧት ለስላሳ ሆኖ ብታገኘው አትደንግጥ፤ ብርዱ አዘግይቶት ነው፤ ሞርሳውን ሳትፈታ ቀኑን ጨምርለት።

ሥራ በሌለህ ጊዜ ሽብልቁን አላልተህ፣ ሞርሳዎቹን በጥላ ሥር ስቀላቸው። የብሎኑን ጥርስ በየጊዜው ቅባት አስነካው።

10. ሞርሳህን ከሰው አትደብቅ።

ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት መዝናኛ ከተሠራላት ወዲህ ሐይቁን የሚያይ እንግዳ ይመጣል፤ ዓሣ አስጋሪውና ገዳማቱም ጀልባ ይፈልጋሉ። ሥራው ለሁላችሁም ይበቃል። ሌላው ወጣት ጣውላ ሊገጥም ሲል አሥር ሞርሳ ቢጎድለው አበድረው፣ አሠራሩንም አሳየው። እኔን ያሳየኝ ሰው ዋጋ አልጠየቀኝም።

ቤታችን አጠገብ ያለችውን ደረስጌ ማርያምን ደጃዝማች ውቤ ሲያሠሯት፣ ቴዎድሮስም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሲነግሡባት፣ የስሜን አናጺ የፋብሪካ ሞርሳ አልነበረውም። ሽብልቅ፣ ጠፍርና ገመድ ነበረው። ስለዚህ መሣሪያ የለኝም ብለህ ሥራ እንዳታሳድር።

አሁን የምለምንህ ይህን ነው። ከመውረድህ በፊት ሃምሳውን ክንድ እዚሁ ቁረጥ፣ አፉን ላግ፣ ሽብልቁንም አዘጋጅ። እዚህ እንጨቱን ታውቀዋለህ፣ አየሩም ደረቅ ነው፣ ስታጠፋም የሚያርምህ አለ። እዚያ ከደረስህ በኋላ የቤት ኪራይና የዕለት ጉርስ ያስቸኩልሃል፣ ያኔ ሞርሳ ለመሥራት ጊዜ አታገኝም። የጎደለህን ዘንግና ዳዶ ቁጥሩን ጽፈህ በሚቀጥለው ገበያ አምጣልኝ። ጎንደር የሚሄድ ሰው አለኝ፣ አስገዛልሃለሁ፤ ዋጋው በእኔ ነው።